ልምምድ ላይ የምታበር፣ ውድድር ላይ የምትጠፋ የ1,500 ሯጭ፤ ምን ላድርግ?

አሰልጣኝ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት የ18 ዓመት የ1,500 ሜትር ሯጭ አለችኝ፣ 48 ኪሎ ነች። የምንሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፤ መማችን አፈር ነው። 6 ጊዜ 400 በ2 ደቂቃ እረፍት ስሰጣት ሁሉንም ከ69 እስከ 70 ሰከንድ ትጨርሳለች፣ የመጨረሻውን በ67 የዘጋችበት ቀንም አለ። 1,200 ብቻውን ስለካት 3:27 አመጣች። ይህንን ይዤ 4:18፣ ቢበዛ 4:20 ትሮጣለች ብዬ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ውድድር ሮጠች፣ ሦስቱም ከ4:30 በላይ ሆኑ። የመጨረሻው 4:33 ነው፤ ዙሮቹን ጽፌአለሁ፦ የመጀመሪያው 400 በ66፣ 800 በ2:19፣ 1,200 በ3:36፣ የቀረው 300 ደግሞ 57 ሰከንድ ፈጀ።

ከውድድር በፊት ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ አፏ ይደርቃል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። የስፓይኳን (ጥርስ ያለውን የመም ጫማዋን) ክር የማስርላት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ «ፈሪ ናት፣ ጭንቅላቷ ላይ ሥራ» ይለኛል። ጭንቅላት ላይ የሚሠራው ግን በምንድነው? ምክር ብቻ ሳይሆን የሚሠራ ነገር ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ሰዓት ያዥ

ወንድሜ፣ ዙሮቹን መጻፍህ ግማሹን ሥራ ጨርሶታል። ስለ ጭንቅላቷ ከማውራታችን በፊት ቁጥሮቹን እንይ።

የ4:18 ሩጫ በዙር 69 ሰከንድ ነው። እሷ የመጀመሪያውን በ66 ነው የሄደችው። ከዚያ 73፣ ከዚያ 77። በሦስት ሰከንድ የፈጠነ አንድ ዙር ሁለተኛውን በአራት፣ ሦስተኛውን በስምንት ሰከንድ አስከፈላት። ለባሕር ጠለል ሯጭ እንኳ ከባድ ዕዳ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ፣ በ2,300 እና 2,400 ሜትር ከፍታ፣ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ አንዴ የገባ ዕዳ በሩጫው ውስጥ አይመለስም። ስለዚህ «ተሸነፈች» ከማለት «የመጀመሪያዎቹን 200 ሜትር አበላሸች» ማለት ይቀርባል። 200ውን ስንት እንዳለፈች ጽፈህ ከሆነ 32 ወይም ከዚያ በታች ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ፤ 34.5 መሆን ነበረበት።

ሁለተኛ፣ የልምምዱ ሰዓት ራሱ ምን ያህል እውነት ነው? ሦስት ነገር አጣራ።

መሙን በሜትር ገመድ ለካው። ጠርዝ የሌለው መም የሚለካው ከውስጠኛው መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ነው፣ ጠርዝ ካለው 30። አፈር መም ብዙ ጊዜ አጭር ሆኖ ይገኛል። 395 ሜትር ከሆነ የአንተ 69 ወደ 70 ይጠጋል፣ በ1,500 ላይ ደግሞ ሦስት ሰከንድ ይሆናል። ቀጥሎ፣ 400ውን ቆማ ነው የምትነሳው ወይስ እየተራመደች መስመሩን ስታልፍ ነው ሰዓት የምትጫነው? እየተንቀሳቀሱ መነሳት ግማሽ ሰከንድ ይሰጣል። ሦስተኛውና ዋናው፦ ያንን 3:27 ስትሮጥ ከፊቷ ማን ነበር? ወንድ ልጅ እያሯሯጣት ከሆነ ንፋስ ተከልላ፣ ፍጥነት ሳትቆጣጠር፣ የሚገፋት ሳይኖር ጀርባ እያየች ነው የሮጠችው። ውድድር ላይ ያ ጀርባ የለም።

አንድ ልጨምር። ሁለተኛው መስመር ላይ ሙሉ ዙር የሮጠ ሰው 7.7 ሜትር ገደማ ይጨምራል (የመስመሩ ስፋት 1.22 ሜትር ነው፣ በ2 እና በ3.14 አባዛው)። በ69 ፍጥነት ይህ 1.3 ሰከንድ ነው። ልምምድ ላይ ሁሌም ውስጠኛውን ይዛ የምትሮጥ ልጅ በ12 ሰው መሐል ሁለት ዙር ውጭ ከተገፋች ሳትደክም 2 ሰከንድ ተኩል ጠፋ ማለት ነው። ይህም የፍርሃት ጉዳይ አይደለም።

እንደገና ጻፍና ንገረን፦ አሯሯጭ ነበረ? ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ምን ሠራች?

አሰልጣኝ ከደብረ ብርሃን

አሯሯጭ ነበረ፣ የ1,500 ወንድ ልጃችን ነው። 400ዎቹንም ከሱ ጋር ነው የምትሠራው። 200ውን 31 ነው ያለፈችው። ሳምንቱ፦ ማክሰኞ ቴምፖ (ጠንከር ባለ፣ በማይለዋወጥ ፍጥነት የሚሮጥ) 8 ኪሎ ሜትር ኮሮኮንች ላይ፣ ሐሙስ 6 ጊዜ 400 (67 ያመጣችው ያን ዕለት ነው)፣ ቅዳሜ ጉዞ፣ እሑድ ጠዋት ውድድር።

ሰዓት ያዥ

ተገኘ። ውድድሩን ሐሙስ ነው የሮጠችው!

እንደዚህ ዓይነት ልምምድ ከእግር ለመውጣት ቢያንስ አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። ሐሙስ 67 ሲመጣ አሰልጣኙ ደስ ይለዋል፣ ልጅቷ ታምናለች፣ እሑድ ግን ባዶ እግር ይቀርባል። ይህ የእኛ አገር የተለመደ በሽታ ነው፤ በቡድን ስለምንሠራ ልምምዱ ራሱ ፉክክር ይሆናል፣ ምርጫውም ልምምድ ላይ የሚታይ ይመስላል። «የልምምድ ሻምፒዮን» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው።

ውድድሩ እሑድ ከሆነ የመጨረሻው ከባድ ልምምድ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን፣ አጭርም ይሁን፦ 3 ጊዜ 300 በ51 እና 52፣ እረፍቱ 4 ደቂቃ። ፈጠነች ብለህ አራተኛ አትጨምር። ሐሙስ 35 ደቂቃ ቀላል፣ ዓርብ እረፍት፣ ቅዳሜ 20 ደቂቃ ቀላልና 4 ጊዜ 100 ዘና ብሎ። የሳምንቱን ኪሎ ሜትር በሲሶ ቀንስ፤ ፍጥነቱን ግን አትቀንስ፣ አለዚያ እግሯ ይደነዝዛል።

ውድድር የሌለበት ሳምንት ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አስገባ።

አንደኛው መነሻ ነው። ወንድና ሴት ቀላቅለህ ከ8 እስከ 10 ሰው መስመር ላይ አቁም። በፉጨት ተነስተው 200 ይሩጡ፣ ሰዓት እጃቸው ላይ አይኑር፣ የሷ ሥራ ከ34 እስከ 35 ሰከንድ ውስጥ መግባት ነው። 33 ካመጣች ልክ እንደ 37 ስህተት ነው። 5 ጊዜ፣ በ3 ደቂቃ እረፍት። የመጀመሪያ ቀን ሁሉም 31 ያመጣሉ፣ አትደንግጥ። 100 ላይ ቆመህ «17» ካልካት በሦስተኛው ሳምንት እግሯ ራሱ ያውቀዋል። ክርናቸውን እንዲነካኩ ተዋቸው፣ ወንዶቹን ግን መግፋት ከልክል፣ እግር ይሰበራል።

ሁለተኛው ሦስተኛውን ዙር የሚሠራ ነው። 400 በ2 ደቂቃ እረፍት ፍጥነትን ያሳያል፣ 900ኛው ሜትር ላይ ምን እንደሚሆን ግን አይነግርህም። እንዲህ ቁረጠው፦ 600 በ1:44፣ 45 ሰከንድ እረፍት፣ 400 በ69፣ 45 ሰከንድ እረፍት፣ 300 በቻለችው። 10 ደቂቃ አርፋ አንዴ ይደገም። አሯሯጭ አይኖርም። እናንተ ከፍታ ላይ 45ቱ ካነሰ 60 አድርገው። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ውድድር 10 ቀን ሲቀረው አይሠራም።

ስፖርትና አእምሮ

ሰዓት ያዥ ያለው ሁሉ ይቅደም፣ እስማማለሁ። ይሁንና 31 የመጣው ከየትም አይደለም። ሰውነቷ ሲጋጋል ፍጥነት የመለካት ስሜቷ ይዛባል፣ 31 ለሷ ያን ጊዜ 34 ይመስላታል። ስለዚህ ይህንንም ለብቻው መሥራት ያስፈልጋል።

አሰልጣኝ፣ መጀመሪያ ከአፍዎ ማውጣት ያለብዎት ቃል «አትፍሪ» ነው። የልብ ምት፣ የአፍ መድረቅ፣ ሽንት መመላለስ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፤ ይህ ሁሉ አድሬናሊን ነው፣ ለሩጫም የሚያስፈልገው እሱው ነው። «አትፍሪ» ሲባል ልጅቷ «ለካ ይህ ፍርሃት ነው» ብላ ትሰይመዋለች፣ ከዚያ ልታጠፋው ትታገላለች፣ አይጠፋም፣ ያኔ በእርግጥ ትፈራለች። በምትኩ ያው ምልክት ሌላ ስም ይሰጠው፦ «ሰውነትሽ ሞተሩን እያስነሳ ነው፣ ልክ ነው»። ከተጋጋለ ሰውነት ወደ ጉጉት መሄድ ወደ እርጋታ ከመሄድ ይቀላል። «ተረጋጊ» የሚለውም ለዚህ ነው ብዙ የማይሠራው።

ከልክ ካለፈ በትንፋሽ ይወርዳል። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ። ማስወጫው ከማስገቢያው መርዘም አለበት፣ ልብን የሚያዘገየው እሱ ነው። ይህንን የውድድር ቀን ማስተማር ዋጋ የለውም፤ ሁልጊዜ ከልምምድ በኋላ፣ ጫማ ስትፈታ ትሥራው፣ ቢያንስ ለአንድ ወር።

ሁለተኛ ትኩረት ነው። ጥሩ ሯጭ ስለ እርምጃዋ አታስብም፤ እግሩ ራሱ ይሄዳል። በጭንቀት ጊዜ ግን ሁለት ነገር ይከሰታል። ወይ ሐሳቧ ከሩጫው ይወጣል (ቤተሰብ ምን ይላል፣ ክለቡ ውል ያድሳል ወይ)፣ ወይ ደግሞ ወደ ሰውነቷ ውስጥ ገብታ እያንዳንዱን እርምጃ መቆጣጠር ትጀምራለች፣ ያኔ ትከሻ ይወጣል፣ ቡጢ ይጨበጣል፣ እርምጃ ያጥራል። ሁለቱንም የሚከላከለው ሐሳቧን አንድ ቦታ ማሰር ነው። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ቃል ስጧት፣ ከዚያ አይብዛ። ለምሳሌ ለመጀመሪያው «ቆይ»፣ ለሁለተኛው «ጀርባ» (ከፊቷ ያለችውን ሯጭ ጀርባ ማየት)፣ ለሦስተኛው «እጅ»፣ ለመጨረሻው 300 «ሂጂ»። ቃሉን ራሷ ትምረጠው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ይሁን፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነች በኦሮምኛ። በዚያ ቁርጥራጭ 600-400-300 ላይ ቃሎቹ አብረው ይለመዱ። ልምምድ ላይ ያልተጠራ ቃል ውድድር ላይ አይመጣም።

ሦስተኛ፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አጭር ወረቀት። ሦስት መስመር ብቻ፦ ከተዘጋብኝ ቀጥታው እስኪመጣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ቀርፋፋ ከሆነ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ እቀመጣለሁ፣ አልመራም። ከሄዱብኝ በአንድ ጊዜ አልዘጋውም፣ በ200 ሜትር እዘጋዋለሁ። ያልጠበቁት ነገር ሲመጣ ማሰብ ስለሚያዘገይ ነው ውሳኔው ቀድሞ የሚወሰነው።

ይህ ለጀማሪ ብቻ አይደለም። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ፣ በ2021 እ.ኤ.አ.፣ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን 26:11.00 የያዘው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነበረ። ሩጫው ዘገምተኛ ሆኖ ሄደና ሰለሞን ባረጋ በ27:43.22 ወርቁን ወሰደ፣ ቼፕቴጌ በ27:43.63 ሁለተኛ ወጣ። በሰዓት ከተነጋገርን ሰውየው ከራሱ ክብረ ወሰን ደቂቃ ተኩል ዘግይቷል፤ ያን ቀን የሚጠየቀው ሌላ ችሎታ ነበር። ልጅዎም አሁን የሚጠየቀውን ችሎታ ልምምድ ላይ አልተፈተነችበትም።

ስፓይክ

ጋሼ፣ ሁለቱ ያሉትን አልደግምም። እኔን የሳበኝ «የስፓይኳን ክር የማስርላት እኔ ነኝ» ያሉት ነው። የጥሪ ክፍል (ሯጮች ከውድድሩ በፊት ተሰብስበው የሚጠብቁበት) ውስጥ አሰልጣኝ አይገባም። ትልቅ ውድድር ላይ ስትሄድ ክሩ ቢፈታባት ምን ልታደርግ ነው? ዛሬውኑ ይተዉት። ልምምድ ላይ በሚንቀጠቀጥ እጅ ማሰር ትልመድ፦ 300 በኃይል ሮጣ ወዲያው ጫማ ትቀይር፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ፣ ድርብ ቋጠሮ አስራ የቀረውን ክር ውስጥ አስገብታ።

ሌላው፣ አፈር መም ላይ በምን ጫማ ነው የምትሠራው? በስኒከር ከሆነና ስፓይክ የምታደርገው ለውድድር ብቻ ከሆነ ባቷ ሁለተኛው ዙር ላይ ይጠነክራል። ስፓይክ ተረከዝን ዝቅ ያደርጋል፣ የባትና የቋንጃ ጅማት ያልለመደውን ይሠራል። በሳምንት አንዴ 4 ጊዜ 100፣ ከዚያ 200ዎቹን፣ ከዚያ ቁርጥራጩን በስፓይክ። ለሰው ሠራሽ መም 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበቃል፤ አፈር ላይ የምትጠቀሙበትን ረጅም ጥርስ ይዞ የሚመጣ አለ፣ ዳኛ ይመልሰዋል፣ እዚያ ላይ መፍታትና መግጠም ሲጀመር ልጅቷ አለቀላት። የጥርሶቹን መፍቻ ቁልፍ ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፣ ጥርሶቹን ቀደም ባለው ማታ ያጥብቁ። ጫማ የሚገዙላት ከሆነ ደግሞ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ ለመም ውድድር የሶል ውፍረት ከ20 ሚሊ ሜትር መብለጥ አይችልም፤ የአሮጌ ሞዴል ቅናሽ ሲያዩ ይህንን ያስታውሱ።

የደረት ቁጥሩን ማታ በአራት መርፌ ቁልፍ፣ ማሊያዋን ለብሳ እያለ ይሰፋ። ማሊያው ተዘርግቶ ከተሰፋ ስትለብሰው ይወጠራል፣ ስትተነፍስ ያስቸግራታል።

ቁርስ። ውድድሩ ከጠዋቱ 4:00 ሰዓት ከሆነ 1:00 ላይ ትብላ። በኪሎ 2 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይበቃታል፣ ለ48 ኪሎ 95 ግራም አካባቢ፦ ሁለት ትንንሽ ዳቦ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ አንድ ሙዝ፣ ከስኳር ጋር ሻይ። ሽሮ፣ ጥብስ፣ በርበሬ፣ ፍርፍር በዚያ ጠዋት አይሆንም፣ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ማታውንም ቀለል ያለ፣ ሩዝ ወይም መኮሮኒ ወይም አልጫ። ጿሚ ከሆነች ይህ ሁሉ በጾም ይሠራል፤ ችግሩ እስከ 9 ሰዓት ከሚጾሙት ከሆነች ነው፣ ያንን ከንስሐ አባቷ ጋር ቀድማ ትጨርስ እንጂ በውድድር ጠዋት አይወሰንም። ቡና ከለመደች ትጠጣ፣ ካልለመደች ያን ቀን አይጀመርም፤ ያንን ሽንት ቤት መመላለስ ያብሰዋል።

ጉዞው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው? 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ማታ ገብቶ፣ አልጋ ሲፈለግ እኩለ ሌሊት ሆኖ ከተኛች የሳምንቱ እረፍት ሄደ። ከምሳ በፊት ይውጡ።

ማሟሟቂያው በሰዓት ይያዝ። 3:00 ላይ 15 ደቂቃ ቀላል ሩጫ። 3:15 ላይ ማፍታቻ እንቅስቃሴ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ጉልበት ማንሳት፤ ቆሞ ረጅም መለጠጥ አያስፈልግም። 3:25 ላይ 4 ጊዜ 80 ሜትር። 3:32 ላይ አንድ 200 በውድድር ፍጥነት፣ በ34። ይህንን ብዙዎች ይዘሉታል፣ ጉልበት ይጨርሳል ብለው፤ ግን 25 ደቂቃ ቀርቶት የተሠራ አንድ 200 ሳንባውን ይከፍታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ 34 ምን እንደሚመስል ለእግሯ ያስታውሳታል። ከዚያ ሽንት ቤት፣ ጃኬት፣ ጥሪ። ጃኬቱ እስከ መስመሩ ድረስ አይወልቅ።

አሁን ዋናው፦ ጥሪ ክፍል ውስጥ 15 እና 20 ደቂቃ ተቀምጦ መጠበቅ አለ። ልምምድ ላይ ማንም አያስቀምጣትም፣ ሞቃ ወዲያው ትነሳለች። በወር ሁለት ጊዜ እንዲህ ያድርጉ፦ ሙሉ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ 20 ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ፣ ቁጥር ለብሳ፣ ስልክ ሳትይዝ፣ ተፎካካሪዎቿ አጠገቧ። ከዚያ አንድ 800 ብቻ፣ ሰዓቱ ተጽፎ ይለጠፋል፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። የሚያስፈራው ያ «ሁለተኛ ዕድል የለም» ነው፣ 6 ጊዜ 400 ላይ ግን አምስት ተጨማሪ ዕድል አለ። አንዳንድ ጊዜም ሳይነግሯት 10 ደቂቃ ያዘግዩት።

አሰልጣኝ ከደብረ ብርሃን

እግዜር ይስጥልኝ። መሙን ዛሬ ለካሁት፣ 394 ሜትር ነው። የሐሙሱን ልምምድ የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ ነበር የጣልኩት። አንድ ጥያቄ ይቅረኝ፦ ውድድሩ ሲሄድ እኔ የት ልቁም? ሁሉም ቦታ እየሮጥኩ ነው የምጮኸው፣ «ቀደሙሽ! ሂጂ!» እያልኩ።

ሰዓት ያዥ

394 ከሆነ 69ኙ 70 ነው፣ 3:27ቱም 3:30 ይሆናል። ስለዚህ ለአሁኑ ዒላማዋ 4:24 ይሁን፣ በዙር 70 ከምናምን። የሰጠሁህን ሰዓቶች ሁሉ በዚያ ልክ አስተካክላቸው፤ 200ው 35 ይሆናል።

አንድ ቦታ ቁም፣ አትሩጥ። 1,500 የሚነሳው ከመጨረሻው መስመር 300 ሜትር ቀድሞ ነው፤ አንተ ከመስመሩ 200 ሜትር ወደኋላ፣ በማዶኛው ቀጥታ መጨረሻ ላይ ቁም። እዚያ በ100፣ በ500፣ በ900 እና በ1,300 ታልፋለች። በ100 ላይ ሰዓት ንገራት፦ «17» ከሆነ «ጥሩ»፣ «15» ከሆነ «ቆይ»። በ500 ዝም በል። በ900 ላይ ያችን የሦስተኛውን ዙር ቃሏን ብቻ ጥራት፣ የምትጠፋው እዚያ ነው። በ1,300 የፈለግከውን ጩህ፣ አትሰማህም።

«ቀደሙሽ» የሚለውን ተወው፣ እሷም ታያቸዋለች።

ከውድድሩ በኋላ ደብተርህ ላይ መጨረሻዋን ሳይሆን በአንደኛውና በሦስተኛው ዙር መሐል ያለውን ልዩነት ጻፍ። እስካሁን 11 ሰከንድ ነው። በሚቀጥለው 5 ከሆነ ስድስተኛ ብትወጣም አትቆጣት፤ 3 ሲደርስ አሯሯጩን ልጅ ወደ ራሱ ልምምድ መልሰው።